ብርዝና ድቅል

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ጠርሙስ መጠጥ ነው። መጠጡም ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ከቢራና ከተብላላ የፖም ጭማቂ የተዋሐደ፥ በላዩም የእንጆሪ ጣዕም የተጨመረበት ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዲላ ከተማ አራት ሰዎች ሆነን አንድ ምሽት ይህን ጠርሙስ ከፈትን፤ ሦስታችን ቀመስነው፥ አንዳችን አሸተተው፤ በመጨረሻም ከመጠጡ ይልቅ ስለ ስሙ ብዙ ተነጋገርን። ከዚያ ጭውውት ያገኘሁት ትምህርት በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ለተቀመጥን ሰዎች የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየኝ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

«ይህ ሰው ደግሞ በሬዲዮ መጠጥ ሊሸጥልን ነውን?» ብሎ የሚጠረጥር አድማጭ እንዳይኖር አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም ሰው እንዳይሸጥ አዝዟል። ስለዚህ የጠርሙሱን ስም አልጠራም፤ ጠጡም አልልም። ነገር ግን «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው፥ ጠርሙሱ ለእኔ የነገሬ ምሳሌ ብቻ ነው።

ወደ ደቡብ ለመስክ ሥራ ወርዶ የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ዲላን ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የጌዴኦ ዞን ከተማ ናት። በቡና ወራት አየሯ ሳይቀር ቡና ቡና ይላል። በመንገዱ ዳር አቡካዶውና አናናሱ፥ ሙዙና ማንጎው ተከምሮ መንገደኛውን ይጠብቃል። ከከተማይቱ ወጣ ብለው ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ ሲሄዱ ደግሞ ተራራው ሁሉ በደን የተሸፈነ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ደን ሳይሆን የሰው ጓሮ ነው።

እኔም ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ወደዚያ በወረድሁ ጊዜ የከተማይቱ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ወደ እናቱ ቤት ለእራት ጠራኝ። እናቱ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፥ ንግግራቸው ጥቂት ዓይናቸው ግን ብዙ የሚያይ ሴት ናቸው። ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ ጋሼም ነበሩ፤ እኒህ ሰው ዘመናቸውን በቡና መቅመስ ሥራ ያሳለፉ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን ማገበያየት በጀመረ ጊዜ ዲላ የቡና ናሙና ከሚመረመርባቸውና ከሚቀመስባቸው ከተሞች አንዷ ስለ ሆነች፥ በዚያ አገር ምላስና አፍንጫ ያለው ሰው እንጀራ አያጣም።

እራት ከተበላ በኋላ ባልደረባዬ ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ጠርሙስ አወጣ። በውጭ አገር የምትኖር እኅቱ ለበዓል በመጣ ሰው እጅ የላከችለት ነው። በጠርሙሱ ላይ ቀይ የእንጆሪ ሥዕል ተለጥፎበታል፤ ከሥዕሉም በታች የቢራና የፖም መጠጥ ድቅል እንደ ሆነ ተጽፏል።

«ጋሼ፥ እርስዎ ቀማሽ ነዎትና ይፍረዱን» አላቸው።

እሳቸውም ፈገግ ብለው «እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት አልጠጣም፤ ነገር ግን የተገዘተው አፌ ነው እንጂ አፍንጫዬ አይደለም፤ ስጠኝ» አሉ።

አድማጮቼ፤ ወደ ቅምሻው ከመግባቴ በፊት ቢራና የፖም መጠጥ በምን እንደሚለያዩ ጥቂት ልግለጽ። መጠጥ ሁሉ የሚፈላው እርሾ ስኳርን በልቶ ወደ አልኮልና ወደ አየር ሲለውጠው ነው። ገብስ ግን በውስጡ ያለው በአብዛኛው ስታርች እንጂ ስኳር ስላይደለ፥ እርሾው እንዲሁ ቢሰጠው አይበላውም። ስለዚህ እናቶቻችን ለጠላ እንደሚያደርጉት፥ እህሉን አርሰው ያበቅሉታል፤ በበቀለም ጊዜ ከውስጡ የሚወጣው ኃይል ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሱንም ብቅል እንለዋለን። የቢራ ጠማቂውም ሆነ የጠላ ጠማቂዋ መጀመሪያ ሥራቸው ይኸው ነው። ፍሬ ግን ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ ስኳሩን ፀሐይና ዛፉ አዘጋጅተው ሰጥተውታል። ፖሙ ተጨምቆ በተቀመጠ ጊዜ ራሱ ይፈላል። እንግሊዞች ይህን የፈላ የፖም ጭማቂ ሳይደር ይሉታል።

እኛ ለዚህ መጠጥ የራሳችን ስም የለንም። ሆኖም ቋንቋችን መንገዱን አሳይቶናል። አባቶቻችን ከወይን ፍሬ የተጠመቀውን መጠጥ ባወቁ ጊዜ ባዕድ ስም አልተዋሱለትም፤ የሚያውቁት ጣፋጭ የተብላላ መጠጥ ጠጅ ስለ ሆነ፥ «የወይን ጠጅ» ብለው ሰየሙት። በዚያው ደንብ ይህንንም «የፖም ጠጅ» ብንለው ስሕተት አይሆንም። ፖሙም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በጋሞ ደጋ ያለችው ጨንቻ ከታወቀችባቸው ነገሮች አንዱ ፖሟ ነው።

እንግዲህ የቀረበልን መጠጥ የብቅል ልጅና የፍሬ ልጅ የተጋቡበት ነው ማለት ነው። ይህም ጋብቻ በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው መንገድ የብቅሉን ውኃና የፖሙን ጭማቂ በአንድ በርሜል አድርጎ አብሮ ማብላላት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሁለቱንም ለየብቻ አፍልቶ በመጨረሻ መቀላቀል ነው።

ጋሼ ጠርሙሱን እንደ ቡና ናሙና አስተናገዱት። ንጹሕ ብርጭቆ አስመጥተው ጥቂት ቀዱበት፤ ወደ መብራቱ አንሥተውም አዩት። ቀለሙ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ነበር፤ አረፋው እንደ ቢራ ተነሥቶ፥ ነገር ግን እንደ ቢራ ሳይቆይ ወዲያው ወረደ። ከዚያም ብርጭቆውን በመዳፋቸው ሸፍነው አዞሩት፤ አፍንጫቸውንም አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይህን ሲያደርጉ ለምን እንደ ሆነ ገለጹልን። ምላስ የምታውቀው ጣፋጩን፥ ኮምጣጣውን፥ ጨዋማውን፥ መራራውንና የሥጋ መረቅ የመሰለውን ጣዕም ብቻ ነው። እንጆሪውን ከአናናሱ፥ ቡናውን ከሻዩ የሚለየው አፍንጫ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ወጡ ሁሉ አንድ የሚሆንበትም ስለዚህ ነው። ቡና ቀማሹም ማንኪያውን በጩኸት የሚምገው ጨዋነት ጎድሎት ሳይሆን፥ ቡናው ከአየር ጋር ተበትኖ ሽታው በጉሮሮው በኩል ወደ አፍንጫው እንዲወጣ ነው፤ ከዚያም ይተፋዋል እንጂ አይውጠውም።

እኛ ሦስታችን በዚህ ጊዜ ቀመስነው። መጀመሪያ ጣፋጭነቱ መጣ፤ ቀጥሎ የፖሙ ኮምጣጣነት የምላስን ጠርዝ ቆንጠጥ አደረገው፤ መጨረሻ ላይ የብቅሉ ጣዕም እንደ ተቆላ ገብስ ቆሎ ሆኖ ከሩቅ ተሰማ። የቢራው ምሬት ግን በጣፋጩ ተውጦ ሊገኝ አልቻለም። ነገሩን ያለ አድልዎ ስናገር ደስ የሚል ነበር።

ጋሼ ግን ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ጥቂት ቆዩ፤ ሁለተኛም አሸተቱት፤ ከዚያም ሲሞቅ ሦስተኛ አሸተቱት። እንዲህም አሉ፦

«ፖሙ አለ፤ ብቅሉም አለ። እንጆሪው ግን የለም። ፍሬ ከሆነ ሲቀዘቅዝ አንድ ነገር፥ ሲሞቅ ሌላ ነገር ይናገራል፤ የይርጋ ጨፌ ቡና በፍሬው እንዳለ የደረቀ እንደ ሆነ ትኩስ ሳለና ከበረደ በኋላ አንድ ዓይነት አይሸትም። ይህ ግን ሦስት ጊዜ ብጠይቀው ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል መለሰልኝ። እንዲህ ያለው የተጠና ምስክር ነው።»

ባልደረባዬ የእጅ ስልኩን መብራት አብርቶ በጠርሙሱ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት አነበበ። በእውነትም ቢራ ይላል፥ የፖም መጠጥ ይላል፥ ስኳር ይላል፥ «ጣዕም ሰጪ» ይላል። እንጆሪ የሚል ቃል ግን ከሥዕሉ በቀር በየትም የለም።

እናቲቱ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። አሁን ግን ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «እንግዲያማ ብርዝ ነው» አሉ።

ልጃቸውም «የለም እማዬ፤ ድቅል ነው፤ ተጽፎበታል» ብሎ መለሰ።

አድማጮቼ፤ የምሽቱ ክርክር የተነሣው ከእነዚህ ከሁለቱ ቃላት ነው። ሁለቱም መቀላቀልን ያመለክታሉ። ድቅል ስንል ከሁለት ዘር የተገኘ፥ የሁለቱንም ጠባይ የያዘ አዲስ ነገር ማለታችን ነው፤ ገበሬው ድቅል በቆሎ ሲል በሙገሳ ነው። ብርዝ ግን ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። በአንድ ፊቱ ማር በውኃ ተበርዞ ሳይሰክር የሚጠጣ ንጹሕ መጠጥ ነው። በሌላ ፊቱ ደግሞ «የተበረዘ» ስንል የተበላሸ፥ የተጭበረበረ ማለታችን ነው። አንዱ ሥር እንዴት ለሙሽራ የሚቀርብ መጠጥና ለወንጀል የሚሆን ስም ሊያወጣ ቻለ?

ባልደረባዬ መቀላቀል በራሱ ነውር እንዳይደለ አጥብቆ ተከራከረ፤ ለክርክሩም ማስረጃ አላጣም። የታሪክ ተመራማሪዎች የደረሱበት ነገርም ያግዘዋል። በዛሬይቱ ቱርክ ጎርዲዮን በተባለ ስፍራ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ የተሠራ የንጉሥ መቃብር በ1957 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮ ነበር። በመቃብሩ ውስጥ ለተዝካር ግብር ያገለገሉ የነሐስ ዕቃዎች ተገኙ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ፓትሪክ ማክገቨርን የተባለው የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በዕቃዎቹ ውስጥ የደረቀውን ዝቃጭ ቢመረምር፥ የወይን ጠጅ፥ የገብስ ቢራና የማር ጠጅ በአንድነት ተቀላቅለው የተጠጡበት ሆኖ ተገኘ። በቻይና ጂያሁ በተባለ መንደር ደግሞ ከ9,000 ዓመት በፊት ገደማ ሩዝ፥ ማርና ፍሬ አንድ ላይ ይጠመቅ እንደ ነበር ከሸክላ ስብርባሪ ታውቋል። ስለዚህ እህልንና ፍሬን ማጋባት የዛሬ ፋብሪካ የፈጠረው ፈሊጥ አይደለም።

በዘመናችንም እንግሊዞች ቢራንና የፖም ጠጅን እኩል በእኩል በአንድ ብርጭቆ ቀድተው «የእባብ ንክሻ» ይሉታል፤ አንዳንዱም ብላክከረንት ከሚባል ጥቁር ፍሬ የተሠራ ሽሮፕ ይጨምርበታል። ጀርመኖች ቢራን ከሎሚ ለስላሳ ጋር ቀላቅለው «ራድለር» ይላሉ፤ ትርጓሜውም ብስክሌት ነጂ ማለት ነው። ቤልጅጎች በብራስልስ አካባቢ፥ እርሾ ሳይጨምሩ በአየሩ ውስጥ ባለው እርሾ ብቻ በሚፈላ ቢራ ውስጥ እውነተኛ የቼሪ ፍሬ ዘፍዝፈው ለወራት ያቆዩታል፤ «ክሪክ» የሚሉትም እርሱን ነው። በእኛም አገር በየከተማው ቢራን፥ የወይን ጠጅንና ለስላሳን የሚያገናኝ «ቱርቦ» የሚሉት ቅልቅል አለ። ጥንታዊውን ያየን እንደ ሆነም ጠላና ጠጅ አንዱ ከእህል አንዱ ከማር ቢወለዱም ሁለቱንም የሚያሳድጋቸው ያው አንዱ ጌሾ ነው። በደቡብ የሚጠመቀው ቦርዴም ከበቆሎ፥ ከማሽላ፥ ከዳጉሳና ከመሳሰለው እህል ተሰባጥሮ ይሠራል፤ ገና እየፈላ ሳለ በትኩስነቱ ስለሚጠጣም ለብዙ ሠራተኛ ከመጠጥነቱ ይልቅ ምግብነቱ ይበልጣል።

ባልደረባዬ በመጨረሻ በመስኮቱ ወደ ውጭ አመለከተና «ይህ አገር ራሱ ድቅል አይደለምን?» አለ።

እውነቱን ነው። የጌዴኦ ገበሬ ትልልቁን ዛፍ ለጥላ ያቆማል፤ ከዛፉ ሥር እንሰቱን፥ ከእንሰቱ ጎን ቡናውን፥ በየመካከሉም ሌላውን ተክል ይተክላል። ዛፉ እንሰቱን ከፀሐይ፥ ቅጠሉ አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል፤ እንሰቱ ቤተ ሰቡን ይመግባል፤ ቡናው ገንዘብ ያመጣል። ይህ በቁልቁለት ላይ ተሰባጥሮ የኖረ ጓሮ ከጥብቅ ደኖቹና ከትክል ድንጋዮቹ ጋር «የጌዴኦ መልክዐ ምድር» ተብሎ በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በሪያድ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ዓለም ለመቀላቀል ጥበብ የሰጠው ምስክርነት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክርክሩ በዚህ የተፈጸመ መስሎኝ ነበር። እናቲቱ ግን በቀስታ «እኔም እኮ ብርዝ ሸጫለሁ» አሉ።

ልጃቸው ቀና ብሎ አያቸው። ይህን ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቅ መሆኑ ከፊቱ ይታወቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቲቱ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጠጅ ጥለው በመሸጥ ነበር። አንድ ዓመት ማር ጠፋ፤ የተገኘውም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ሌሎች ጠጅ ሻጮች ማሩን በስኳር እየተኩ፥ ቀለሙንም እያሳመሩ ባለፈው ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። እኒህም እናት ስኳር ከመጨመር በቀር መውጫ አላገኙም። ነገር ግን ሁለት ጋን ጣሉ። በአንደኛው ጋን ጥቂት የማር ጠጅ፥ በሁለተኛው ጋን በስኳር የተበረዘውን አደረጉ። በሁለተኛውም ጋን አንገት ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። ለገባው ሰው ሁሉ «ክር ያለበት ብርዝ ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፤ የቱን ልቅዳልህ?» ይሉት ነበር።

«ታዲያ ሰው ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጥቂቱ አመሰገነኝ፤ ብዙው ሄደ» አሉ። «ከሚሄዱት አንዱ ክሩን ፍቺው፥ ማን ያውቃል? አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልሁት። ያን ዓመት ከባድ ነበር፤ ነገር ግን አለፈ።»

ባልደረባዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «በሁለት ዓመት አንድ ዩኒፎርም የለበስሁት ለዚህ ኖሯል» አለ።

እናቱም ወደ እኔ ዘወር ብለው «ቅልቅሉ ምን አደረገ፥ ልጄ? ማርም የእግዚአብሔር ነው፥ ስኳርም የእግዚአብሔር ነው። ክፉው ክሩን መፍታት ነው» አሉኝ።

አድማጮቼ፤ እኔ ስለ ድቅልና ስለ ብርዝ ልዩነት ብዙ መጻሕፍት ባገላብጥ ከዚህ የተሻለ ፍቺ አገኛለሁ ብዬ አላስብም። ሁለት ነገሮች እያንዳንዳቸው ስማቸውን እንደ ያዙ ሲገናኙ ድቅል ነው። አንዱ በሌላው ስም ተሸሽጎ ሲገባ ግን ማጭበርበር ነው። በጌዴኦ ጓሮ ውስጥ እንሰቱ እንሰት ነኝ ይላል፥ ቡናውም ቡና ነኝ ይላል፤ ማንም ማንንም አልሸሸገም። በዚያ ምሽት በቀመስነው ጠርሙስም ቢራውና ፖሙ በስማቸው ገብተዋልና ድቅል ናቸው፤ እንጆሪው ግን ሥዕሉ ፊት ለፊት ቆሞ፥ እውነቱ በደቃቅ ጽሕፈት ከጀርባ ተደብቋል። ቀይ ክሩን ወደ ኋላ አዙረው አሰሩት እንጂ ጨርሰው አልፈቱትም ማለት ይቻላል።

ይህ ጉዳይ ለዲላና ለአካባቢዋ የቀልድ ጉዳይ አይደለም። የይርጋ ጨፌ ቡና በዓለም ገበያ የሚከበረው በስሙ ነው። አገራችን ይርጋ ጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ማመልከቻ ባቀረበች ጊዜ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ስታርባክስ ከተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋር የነበረውም አለመግባባት በ1999 ዓ.ም. በሰኔ ወር በስምምነት አልቋል። ያን ጊዜ የተሟገትነው ለሌላ ነገር ሳይሆን፥ ስሙ የገበሬው ሀብት ነው ብለን ነው። እንግዲህ የሌላ አገር ሰው የቡናችንን ስም በአግባቡ እንዲጠራ የምንጠይቅ ከሆነ፥ እኛም በገዛ ገበያችን ስኳሩን ማር፥ የቆላውን ቡና የደጋ፥ ሽታውን ፍሬ ብለን እንዳንሸጥ መጠንቀቅ ይገባናል። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ የሚለው ተረታችን ስለ ደግ ንግግር ቢነገርም፥ እኔ ከዚያ ምሽት ወዲህ ሌላ ትርጓሜ ጨምሬበታለሁ፤ ማር ብለው ሲናገሩ ማር ይስፈሩ እላለሁ።

ደግሞም አንድ የጤና ምክር ሳልሰጥ ባልፍ ኃላፊነቴን መዘንጋት ይሆንብኛል። ፍሬ የሚሸት መጠጥ ምሬቱ ስለሚደበቅ ለስላሳ መጠጥ ይመስላል። ነገር ግን ከመቶው አምስት እጅ አልኮል ያለበት መጠጥ ግማሽ ሊትር ብቻ 20 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ ጣፋጭነቱ ከዚህ ቁጥር አንዲት ግራም አይቀንስለትም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ባወጣው መግለጫ ለጤና ፈጽሞ ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ የጠርሙሱን ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም ማንበብ፥ በተለይም ልጆች ባሉበት ቤት የፍሬውን ሥዕል አይቶ አለመታለል ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ጠጅ አንጥልም፥ ቡናም አንሸጥም። ነገር ግን በየቀኑ የምንቀላቅለው ነገር አለን፤ ይኸውም ቃል ነው። የተሠራውን ካልተሠራው፥ የታየውን ከተሰማው፥ ዕቅዱን ከውጤቱ ጋር እያዋሐድን ወረቀት እንጽፋለን። ይህም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ዕቅድም ያስፈልጋል፥ ተስፋም ያስፈልጋል። ነገር ግን በርእሱ «የሥራ ክንውን» ተብሎ ውስጡ ምኞት የሆነ ሪፖርት፥ እርሱ የእንጆሪ ሥዕል የተለጠፈበት ጠርሙስ ነው። አለቃውም ቢጣፍጠው፥ የአለቃው አለቃም ቢያጨበጭብ፥ መንገዱ ተሠራ የተባለለት መንደር ሰው ግን ማልዶ ሲወጣ መንገዱን ይፈልገዋል። እንግዲህ ያልተፈጸመውን «አልተፈጸመም» ብለን በጋኑ አንገት ላይ ክር ብናስር፥ ለጊዜው ደንበኛ ይቀንስብን ይሆናል፤ የሚያመሰግነንም ጥቂት ይሆናል። ሆኖም ያ አንድ ክር ባይኖር ኖሮ፥ የእኒያ እናት የማር ጠጅ ማር መሆኑን ማን አምኖ ይጠጣው ነበር?

በማግሥቱ ጧት ከዲላ ስነሣ ባልደረባዬ እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ሸኘኝ። በመንገድ ላይ አንዲት ልጅ አቡካዶ ትሸጥ ነበርና፥ የበሰለ መሆኑን ጠየቅናት። አንሥታ ጫን ጫን አደረገችና «ይኼ ለዛሬ ነው፥ ይኼኛው ግን ለነገ ወዲያ ነው» ብላ ለይታ ሰጠችን። ባልደረባዬ ወደ እኔ ተመልክቶ ሳቀ፤ እኔም ምን ማለቱ እንደ ሆነ ስለ ገባኝ አብሬው ሳቅሁ። ዋጋውንም ሳንከራከር ከፈልን።